ዳክት ውስጥ ድምፅን በድምፅ ማጥፋት፦ ዋናው ሥራ ማይኩ ላይ ነው

(ለወጣት የኤሌክትሮሜካኒካል ባለሙያዎች ካቀረብኩት ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በአየር ዳክት (አየር ሕንፃ ውስጥ በሚተላለፍበት ሰፊ ቱቦ) ውስጥ የሚመጣን የፋን፣ ማለትም የማራገቢያ፣ ጩኸት በሌላ ድምፅ ስለማጥፋት ነው። በተለይ ደግሞ ስለ ማይክራፎኑ። ይህ ርዕስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ስፒከሩና ስለ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል። ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ማይኩ ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቴን በሙሉ ለእሱ ብሰጥ ደስ ይለኛል።

ከችግሩ እንነሳ። ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ የምትሠሩ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ላይ ካለው የአየር መውጫ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይመጣል። አንዱ «ሽሽሽ» የሚለው ነው። ሌላው ደረት ውስጥ የሚገባ ጉርምርምታ ነው። የመጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም። ዳክቱን ከውስጥ በመስታወት ሱፍ ትለብጡታላችሁ፣ ወይም ሳይለንሰር (ድምፅ ማፈኛ) ታስገባላችሁ፣ ያልቃል። ጉርምርምታው ግን በዚህ አይበገርም።

ምክንያቱ የሞገዱ ርዝመት ነው። የ1,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ የሞገድ ርዝመት 34 ሴንቲሜትር ነው። የ100 ኸርዝ ግን 3.4 ሜትር ይሆናል። 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሱፍ ለመጀመሪያው ከባድ መሰናክል ነው። 3.4 ሜትር የሚረዝመው ሞገድ ግን ሱፉን ከነመኖሩም አይቆጥረውም። ሱፉን እናወፍረው ካላችሁ የአየሩ መንገድ ይጠባል። መንገዱ ሲጠብ ፋኑ የበለጠ ይገፋል። የበለጠ መብራት ይበላል። ይባስ ብሎ የበለጠ ይጮኻል። የመኪና ማርሚታ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ጸጥታ ሲጨምሩ ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ሌላ መንገድ የተፈለገው። መንገዱን በግልጽ ካስቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፓውል ሉግ ነው። ማመልከቻውን አገሩ ውስጥ ያስገባው በ1933 ሲሆን፣ የአሜሪካ ፓተንቱ የጸደቀው በ1936 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) የፓተንቱን የመጀመሪያ ሥዕል ፈልጋችሁ እዩት። አንድ ቱቦ አለ። ድምፁ ከግራ ይመጣል። መጀመሪያ ማይክራፎን ያገኛል። ከማይኩ ሽቦ ወጥቶ አምፕሊፋየር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ስፒከር ይሄዳል። ስፒከሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቱቦው ላይ ተገጥሟል። የመጣው ሞገድ ወደ ላይ ሲል የስፒከሩ ሞገድ ወደ ታች ይላል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ዛሬ የምንሠራው ሥርዓት ከዚያ ሥዕል ብዙም አልራቀም።

ሉግ ቱቦን መምረጡ ትክክል ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፅ በየአቅጣጫው ይበተናል። አንዱ ቦታ ላይ ስታጠፉት ሌላው ቦታ ላይ ይጨምራል። ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግን ዝቅተኛ ድምፅ መሄጃው አንድ ብቻ ነው። ሞገዱ ቱቦውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ፣ እኩል ሆኖ ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ማይክ የሰማው ሙሉውን ይነግረናል፣ አንድ ስፒከርም ሙሉውን ያጠፋዋል። ይህ የሚሠራው እስከ አንድ ፍሪኩዌንሲ (የርግብግቦሽ ብዛት) ድረስ ነው። አራት ማዕዘን ዳክት ከሆነ የድምፅን ፍጥነት ለሰፊው ጎን እጥፍ አካፍሉት። ጎኑ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ወሰኑ 286 ኸርዝ ገደማ ነው። ክብ ሆኖ 40 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ካለው 500 ኸርዝ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሞገዱ እየተንገጫገጨ በጎን መሄድ ይጀምራል፤ አንድ ማይክ አይበቃም። ደግነቱ ከዚያ በላይ ያለውን ሱፉ ይይዝልናል።

በሉግ ዘመን የነበሩት የቫኪዩም ቱዩብ አምፕሊፋየሮች ነበሩ። ሐሳቡ በተግባር እስኪውል ብዙ ተጠበቀ። በ1960 በርናርድ ዊድሮውና ማርሺያን ሆፍ ከስህተቱ እየተማረ ራሱን የሚያስተካክል ፊልተር ስልት አወጡ። በ1981 በርጀስ የተባለ ተመራማሪ ይህን ስልት ለዳክት አድርጎ በኮምፒውተር ሞከረው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የአሜሪካው ኔልሰን ኢንዱስትሪስ፣ በላሪ ኤሪክሰን መሪነት፣ በእውነተኛ ዳክት ላይ የሚገጠም ሥርዓት ገበያ አወጣ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ ግን ወደ ማይኩ ልመለስ።

ምን ያህል ትክክል መሆን እንዳለብን ላሳያችሁ። የስፒከሩ ሞገድ ከፋኑ ሞገድ በመጠን 10 በመቶ ቢለያይ የሚገኘው ቅነሳ 20 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። አንድን ሙሉ ሞገድ እንደ ክብ 360 ዲግሪ ብለን እንቁጠረው፤ መጠኑ ልክ ሆኖ ጊዜው ብቻ በ6 ዲግሪ ቢዛነፍም ያው 20 አካባቢ ነው። ለ100 ኸርዝ 6 ዲግሪ ማለት የአንድ ሚሊሰከንድ ስድስተኛ ነው። መዛነፉ 60 ዲግሪ ከደረሰ ምንም አትቀንሱም። ከ60 ካለፈ ጭራሽ ጩኸት ትጨምራላችሁ። ለዚህ ሁሉ ስሌት መነሻው ማይኩ የላከው ምልክት ነው። እሱ የተሳሳተ ወሬ ካመጣ ምንም ዓይነት ኮምፒውተር አያድነውም።

ታዲያ ማይኩ ምን ያሳስተዋል? ነፋስ። ይኼኛው ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዳክት አየር ለማሳለፍ ነው የተሠራው። አየሩ ደግሞ ለስላሳ ሆኖ አይሄድም። እየተሽከረከረ፣ እየተገላበጠ ይሄዳል። እያንዳንዷ ትንሽ ሽክርክሪት ማይኩን ስታልፍ ግፊቱን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። ማይኩ ግፊት ነው የሚያውቀው። ድምፅ ይሁን ሽክርክሪት አይለይም። ስልክ ይዛችሁ ነፋስ ውስጥ ስታወሩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» የሚላችሁ ለዚህ ነው። እናንተ ጆሮ ላይ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ የለም። የተፈጠረው ማይኩ ላይ ነው።

አዳራሹ ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ያሳየሁት ሙከራ ይህን ነበር። ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ ስፒከር 120 ኸርዝ ያሰማል። በሌላ በኩል ማራገቢያ አለ። መሃል ላይ ባዶ ማይክ ተገጥሟል። ማራገቢያው ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሞገድ ንጹሕ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እኩል በእኩል። ማራገቢያው ሲበራ መስመሩ ይተራመሳል። 120 ኸርዙ የት እንደገባ አይታይም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቱቦው አፍ ላይ ለቆመ ሰው 120 ኸርዙ አሁንም በደንብ ይሰማል። ጆሮው የሚሰማውን ማይኩ አጣው።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ንገረን ብትሉ፣ ያ ሁከት እዚያው ማይኩ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚገኝ ነው። አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ሜትር ርቆ ያለው ስፒከር ጋ ሲደርስ ሽክርክሪቱ ፈርሶ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እዚያ የሌለ ነገር ለማጥፋት ይደክማል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት ኮሂረንስ በሚባል ቁጥር ነው። ሁለት ማይኮች የሚሰሙት ምን ያህሉ የጋራ እንደሆነ ከ0 እስከ 1 ይነግራችኋል። 0.5 ከሆነ፣ በምንም ዓይነት ስሌት ከ3 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይቻልም። 0.9 ከሆነ ጣሪያው 10 ነው። 20 ዴሲቤል የሚፈልግ ሰው 0.99 ያስፈልገዋል። ይህ ተፈጥሮ ያበጀችው ጣሪያ ስለሆነ ውድ ፕሮሰሰር በመግዛት አይታለፍም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ቀላሉ ስፖንጅ ነው። ጋዜጠኞች ማይካቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። ቀስ ባለ አየር ላይ ይጠቅማል። ሌላው ማይኩን ከዳክቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ትንሽ ጓዳ ውስጥ አስቀምጦ፣ አፉን በወንፊት ወይም በጨርቅ መሸፈን ነው። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ስንጥቅ ያለውን ቱቦ ነው። የፋንን ድምፅ ዳክት ውስጥ ለመለካት በወጣው አይኤስኦ 5136 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥም ከተፈቀዱት መከላከያዎች አንዱ ነው።

ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀጭን ቱቦ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱ እንደ ጥይት ሾጠጥ ብሎ ወደ አየሩ መምጫ ያያል። በቁመቱ ጠባብ ስንጥቅ ተቀዷል። ስንጥቁ አየር በሚያሳልፍ ነገር ተሸፍኗል። ማይኩ ከኋላ፣ የቱቦው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ድምፅ ሲመጣ በስንጥቁ በየቦታው ይገባል። ውጭ ያለው ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። ውስጥ የገባውም እንደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ከየቦታው የገባው አብሮ ማይኩ ጋ ይደርስና ይደመራል። ሽክርክሪቱ ግን ከአየሩ ጋር ነው የሚጓዘው፤ በሰከንድ 10 ሜትር ቢሆን ነው። እሱም በየቦታው ይገባል፣ ግን ከየቦታው የገባው አይገጣጠምም። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። እርስ በርሱ ይጣፋል።

ይህን በቁጥር ስታዩት ወሰኑም ይገለጥላችኋል። አየሩ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ከሆነ የ100 ኸርዝ ሽክርክሪት 10 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ግማሽ ሜትር ቱቦ ውስጥ አምስት ያህሉ ይገባሉና በደንብ ይጣፋሉ። 20 ኸርዝ ላይ ግን አንዱ ሽክርክሪት ብቻውን ግማሽ ሜትር ነው። ቱቦው ብዙም አይረዳም። በጣም ዝቅተኛ ድምፅ ለማጥፋት የሚፈልግ ሰው ወይ ረጅም ቱቦ መሥራት አለበት፣ ወይ ብዙ ማይኮች በረጅሙ ደርድሮ አማካያቸውን መውሰድ አለበት፣ ወይ የአየሩ ፍጥነት ዝቅ ያለበትን ቦታ መምረጥ አለበት። ከክርናማ መታጠፊያ፣ ከዳምፐር (የአየሩን መጠን ከሚቆጣጠረው መዝጊያ) እና ከፋኑ አፍ ራቅ በሉ። ሁከቱ እዚያ ነው የሚብሰው።

ለሙከራው የተጠቀምኩት ቱቦ ፋብሪካ የሠራው አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት ኮንዲዩት ነው። 40 ሴንቲሜትር ተቆርጦ፣ በቁመቱ በመጋዝ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ላይ ሻሽ ተለጥፎበታል። ማይኩ ላይ ሲሰካ፣ ማራገቢያው እየዞረም ቢሆን 120 ኸርዙ ስክሪኑ ላይ እንደገና ብቅ አለ። እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ አልነበረም። ግን ነበረ። እንደዚህ ዓይነት ነገር በእጃችሁ ሠርታችሁ ማየታችሁ ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወርክሾፕ ያለው ሰው ሁሉ ይሞክረው።

ሁለተኛው ጠላት ስፒከሩ ራሱ ነው። ስፒከሩ ወደ ፊት ብቻ አይጮኽም። ወደ ኋላም፣ ወደ ማይኩም ይጮኻል። ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ሲሰማ «አዲስ ጩኸት መጣ» ብሎ ይልካል። ስፒከሩ ያንን ይደግማል። ሰርግ ላይ ማይክ የያዘ ሰው ስፒከር ፊት ሲቆም የሚሰማችሁ ፉጨት ይኸው ነው።

ይህን ለማምለጥ ሰዎች ብዙ ተጠበቡ። በ1973 እንግሊዛዊው ማልኮም ስዊንባንክስ ስፒከሮችን ደርድሮ፣ በመካከላቸው ትንሽ የጊዜ ልዩነት አስገብቶ፣ ድምፁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ማይኮችንም በዚያው መንገድ ደርድሮ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሰሙ ማድረግ ይቻላል። ለንደን ቼልሲ ኮሌጅ የነበሩት ጄፍ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ ደግሞ ሁለት ስፒከር ወስደው ማይኩን እመሃላቸው አስቀመጡት። ሁለቱ ስፒከሮች ማይኩ ያለበት ቦታ ላይ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ማይኩ ስፒከሮቹን ሳይሰማ ፋኑን ብቻ ይሰማል። እኔ ይህን ዘዴ በጣም አደንቃለሁ፤ ችግሩን በቦታ አቀማመጥ ብቻ ነው የፈታው። ጉድለቱ ለተወሰነ የፍሪኩዌንሲ ክልል ብቻ መሥራቱ ነው። ኤሪክሰን በበኩሉ ጉዳዩን ለኮምፒውተሩ ተወው። ወደ ማይኩ የሚመለሰውን ድምፅ ፊልተሩ ራሱ እንዲማረውና እንዲያወራርደው አደረገ።

ሌላም መውጫ አለ፤ ማይኩን ጨርሶ መተው። ፋናችሁ 8 ክንፍ ኖሮት በደቂቃ 1,450 ጊዜ ቢዞር ዋናው ድምፁ 193 ኸርዝ ነው። ማይክ ሳያስፈልግ ዘንጉ ላይ የዙር መቁጠሪያ ብታስሩ ያንን ድምፅ ታገኙታላችሁ። ቆጣሪው ነፋስ አይረብሸውም፣ ስፒከሩንም አይሰማም። የሚያሳዝነው ከክንፎቹ ምት ውጭ ያለውን፣ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ የተበተነውን ጉርምርምታ አለማወቁ ነው። የፋናችሁ ችግር አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ይህን ምረጡ።

ማይኩ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ መልሱ ጊዜ ነው። ማይኩ ከስፒከሩ 2 ሜትር ቢርቅ ድምፁ እስኪደርስ 5.8 ሚሊሰከንድ አላችሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተሩ መስማት፣ ማስላትና መናገር አለበት። ስፒከሩም ራሱ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ቦታው ካጠረ ሰፊ ክልል ያለውን ጩኸት መከተል አይቻልም። ጣሪያ ውስጥ ያለው የዳክት ቀጥታ ክፍል ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ሕንፃው ሲነደፍ ቦታው ካልተያዘ በኋላ መከራ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፊተኛው ማይክ ነው። ከስፒከሩ በኋላ ደግሞ ሌላ ማይክ አለ። እሱ የተረፈውን ሰምቶ ለኮምፒውተሩ «ገና ነው» ወይም «ደህና ነው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ከስፒከሩ እስከዚህ ማይክ ያለውን መንገድ በቅድሚያ ማወቅ አለበት። ያወቀው ከእውነተኛው በ90 ዲግሪ በላይ ከተለየ፣ የሚማረው በተቃራኒው ይሆናል። ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል።

ይህ ለጄኔሬተር ጭስ መውጫ ትልቅ ጣጣ ነው። ሲነሳ ጋዙ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ከጋለ በኋላ 200 ይደርሳል። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። በ200 ዲግሪ ወደ 436 ይጠጋል። ማይኩ ከስፒከሩ 3 ሜትር ቢርቅ የመድረሻው ጊዜ በ1.9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቀየራል። 100 ኸርዝ ላይ ይህ 67 ዲግሪ ነው፤ እንደምንም ያልፋል። 150 ኸርዝ ላይ ግን 100 ዲግሪ ነው። ሥርዓቱ ይሳሳታል። ወይ ማይኩን ማቅረብ፣ ወይ የሙቀት መለኪያ ጨምሮ ለኮምፒውተሩ መንገር ያስፈልጋል። ስታቀርቡትም በጣም ስፒከሩ አፍ ላይ አትለጥፉት። እዚያ ሞገዱ ገና አልተስተካከለም። ቢያንስ የዳክቱን ወርድ ያህል ራቁ።

ከታዳሚው መካከል «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስሌቱ አይቀየርም ወይ?» የሚል ጥሩ ጥያቄ መጥቶ ነበር። የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይወሰንም። ስለዚህ የሞገዱ ርዝመትና የማይኮቹ ርቀት አይቀየሩም። የሚቀየረው የአየሩ ክብደት ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ስፒከሩ በዚያው እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋኑም ቢሆን ያው አየር ውስጥ ነው።

የማይክ ዓይነት ምርጫን በአጭሩ ልንገራችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ውድ ማይክ ለዳክት አያስፈልግም። ኤሌክትሬት የሚባለው ርካሽ ማይክ ይበቃል። ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌስትና ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ1962 የሠሩት ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በስልኩም በቴፑም ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ጠላቶቹ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ቅባትና አቧራ ናቸው። የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ዳክት ላይ ያለ መከላከያ ከተገጠመ ቅባቱ ይደፍነዋል። ቀስ እያለ መስማቱን ያጣል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጸጥታ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ዳክቱን ሳትፈቱ ማይኩን ነቅላችሁ የምትቀይሩበት ቀዳዳ ከመጀመሪያው አዘጋጁ። ቀዳዳው ግን አየር እንዳያስገባ በጎማ ይታሸግ፤ ትንሽ ክፍተት ካለ ራሱ ያፏጫል።

አንድ ሥራ ሲሰጣችሁ ከየት ትጀምራላችሁ? ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ማይክ ውሰዱ። አንዱን ወደ ፋኑ በኩል፣ ሌላውን ስፒከሩ ይገጠምበታል ካላችሁት ቦታ አለፍ ብሎ አስገቡ። ፋኑን በሙሉ ፍጥነት አስነሱ። በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኮሂረንሱን ለኩ። ከ40 እስከ 250 ኸርዝ ከ0.9 በላይ ካገኛችሁ ሥራው ይሠራል። 0.5 ካገኛችሁ ማይኩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩት፣ ቱቦ አልብሱት፣ እንደገና ለኩ። አሁንም ካልወጣ ለደንበኛው ያንኑ ንገሩት፣ ሌላ ሳይለንሰር ወይም ቀስ ብሎ የሚዞር ትልቅ ፋን እንዲያስብበት። መለኪያው ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክና ሁለት ማስገቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል።